እሳት የሚያዩ፣ እሳት የሚያያቸው

በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖር አበሻ «ዘንድሮ ዕረፍትህን የት ልታሳልፍ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ለብዙ ዓመታት አንድ ነበር፤ አገር ቤት። ፈቃድ የሚጠራቀመው፣ ኦቨርታይም የሚሠራው፣ ሻንጣ በየዘመዱ ትእዛዝ የሚሞላው ለዚያ ጉዞ ነበር። ዛሬ ግን በሃቫና ጎዳናም ሆነ በኮልፋክስ ዳር ባሉት ምግብ ቤቶች ቡና እየተጠጣ ሌላ መልስም ይሰማል። አንዱ ሜክሲኮ ይላል፣ ሌላው ሃዋይ፣ ሌላው ደግሞ አይስላንድ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከዴንቨር ወደዚያች ደሴት ቀጥታ በረራ አለ። ማታ የተሳፈረ ሰው በማግስቱ ጠዋት ጥቁር የላቫ ሜዳ ላይ ይወርዳል።

የደስታው ምንጭ ለመረዳት አይከብድም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዓመቱን በዝናብና በፀሐይ ከፍሎ ያውቀዋል። ኮሎራዶ ሲመጣ ግንቦት ላይ እንኳ በረዶ ሊጥል እንደሚችል፣ ጠዋት ካፖርት ያስለበሰ ቀን ከሰዓት በኋላ በሸሚዝ ሊያስኬድ እንደሚችል ይማራል። እንቁጣጣሽ ተከብሮ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ መኪናውን ወደ ተራራው አቅንቶ አስፐን የሚባለው ዛፍ ቢጫ ሲለብስ ያያል። ቀለሙ የአደይ አበባ ነው፤ መልእክቱ ግን የተገላቢጦሽ። አደይ «ክረምት አለፈ» ትላለች፣ አስፐን «ክረምት መጣ» ይላል። አይስላንድ ደግሞ ይህንኑ የወቅት ጨዋታ አጉልታ ታሳያለች። ሰኔ ላይ ሌሊቱ አይጨልምም፤ ታኅሣሥ ላይ የቀኑ ብርሃን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የሰመር የመጀመሪያ ቀን የሕዝብ በዓል ሆኖ የሚከበረው ብርዱ ገና ባልለቀቀበት ሚያዝያ ነው። ከመሬት እንፋሎት ይወጣል፣ የባሕሩ ዳር አሸዋ ከሰል ይመስላል፣ ዕድል የገጠመው ሰው ደግሞ የቀለጠ ድንጋይ ሲፈስ ያያል።

ከጉዞው የተመለሰ ሰው ፎቶ ሲያሳይ ግን ሁልጊዜ አድናቆት ብቻ አይጠብቀውም። «አገር እየነደደ እሳት ለማየት ገንዘብ ይከፈላል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ በቀልድ ቢጣልም ቀልድ ብቻ አይደለም። በውስጡ ሁለት ክስ አለ። አንደኛው ስለ ስደተኛው ነው፤ ወገኑ በችግር ላይ ሳለ መደሰት ይገባዋል ወይ ይላል። ሁለተኛው ከዚህ የሰፋ ነው፤ ሰውን የሚያጠፋ ነገር ሲያምር፣ በውበቱ መደሰት ተገቢ ነው ወይ ይላል። የሁለተኛው መልስ ካልተገኘ የአንደኛው አይገኝምና ከእሱ መጀመር ይሻላል።

ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ሦስተኛው ትልቅ የሂስ ሥራው ውበትን ከግርማ ለይቶ አይቷል። አበባ ያምራል፤ ማዕበል፣ የተንጠለጠለ ገደልና እሳተ ገሞራ ግን ግርማ አላቸው። መጀመሪያ ያስፈራሉ፣ ሰውየውን ትንሽነቱን ያሳዩታል፤ ደስታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካንት ለዚህ ደስታ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ተመልካቹ ከአደጋው ውጭ መሆን አለበት። የእውነት የፈራ ሰው ስለ ግርማ አይፈርድም፤ የሚያስበው ስለ ማምለጥ ነው። ይህን የጻፈው ፈላስፋ ዕድሜውን በኮኒግስበርግና በአካባቢዋ ያሳለፈ ሰው በመሆኑ ከየትኛውም እሳተ ገሞራ በቂ ርቀት ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገበሬ ብቅ ብሎ ይጠፋል። የጄኔቫው የተፈጥሮ ተመራማሪ ደ ሶስዩር በአልፕስ ተራሮች ሲዘዋወር ያገኘው የሳቮይ ሰው ነው። ገበሬው የበረዶ ተራራ ወዳጆችን በሙሉ ያለ ማመንታት ሞኞች ብሏቸዋል። ካንት ገበሬውን ደግና አስተዋይ ይለዋል፤ ነገር ግን ግርማን ለማየት የሚያበቃ ባሕል ስለሌለው አደጋውን፣ እጦቱንና ድካሙን ብቻ ያያል ብሎ ያልፈዋል። ሆኖም ወዲያው ይጠራጠራል። ተጓዡ ራሱን ለአደጋ ያጋለጠው እንደ ብዙዎቹ መንገደኞች ለጊዜ ማሳለፊያ ወይም በኋላ እያጋነነ ለመተረክ ቢሆን ኖሮ ገበሬው ያን ያህል ተሳስቷል ማለት ይቻል ነበር ወይ ሲል ይጠይቃል። ደ ሶስዩርን የሚያድነው ለሰው ልጅ የሚጠቅም እውቀት ፍለጋ መውጣቱ ነው።

ይህች ጥርጣሬ ከዋናው ክርክር ይልቅ ትጠቅማለች። ካንት ራሱ የተመልካች ደስታ ሁልጊዜ ንጹህ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ገበሬው ባሕል ጎድሎት ሳይሆን ሌላ ባሕል ስላለው ይሆናል። እሱ ተራራውን አይቶ አይመለስም፤ ከተራራው ጋር ይኖራል። አማርኛ «እሳት ካየው ምን ለየው» የሚል ተረት አለው። በዚህ አባባል ውስጥ የሚያየው እሳቱ ነው፤ ሰውየው የሚታይ ነው። የካንት ተመልካች እሳት ያያል፤ ገበሬውን ግን እሳት ሊያየው ይችላል። እንግዲህ የሞራል ጥያቄው ያለው በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ቋሚ አይደለም። የዴንቨር ነዋሪ ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ካሜሮን ፒክ የተባለው ቃጠሎ ከፎርት ኮሊንስ በስተ ምዕራብ ተነሥቶ ከ84 ሺህ ሄክታር በላይ ሲበላ፣ በኮሎራዶ ታሪክ የተመዘገበ ትልቁ የደን ቃጠሎ ሆነ። በዚያው ወቅት ዴንቨር ላይ ፀሐይ በጭሱ ውስጥ ብርቱካን መስላ ትጠልቅ ነበር፤ ሰውም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣ ነበር። ፎቶዎቹ ያምሩ ነበር። ቀለሙን የሰጠው ግን የሌላ ሰው ጫካና ጎጆ አመድ ነው። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ 30 ቀን የማርሻል ቃጠሎ ከኃይለኛ ነፋስ ጋር ተነሥቶ በሉዊቪልና በሱፒሪየር በሰዓታት ውስጥ ከ1,000 በላይ ቤቶችን አወደመ። ያ ሰፈር ከኦሮራ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ሩቅ ያለ ጭስ ሲያይ የኖረ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ እሳት የሚያየው ሰው ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ታየ።

ርቀት የሚያታልል መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳየው ግን አይስላንድንና ኢትዮጵያን የሚያገናኝ አንድ የቆየ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1783 በደቡብ አይስላንድ ላኪ በሚባለው ቦታ መሬት 27 ኪሎ ሜትር በሚያህል መስመር ተሰነጠቀ። እሳቱ ስምንት ወር ቆየ። ሰዉን በብዛት የገደለው ላቫው ሳይሆን ጋዙ ነበር። ሣሩ ተመረዘ፣ በጎችና ከብቶች አለቁ፣ ረሃብ ተከተለ። ከደሴቲቱ ሕዝብ አንድ አምስተኛው ያህል ሞተ። ሰበካው ከእሳቱ ዳር የነበረው ቄስ ዮን ስታይንግሪምሶን ያየውን በዝርዝር ጽፎ አቆይቷል። ሐምሌ 20 ቀን ላቫው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመጣ ምእመናኑን ሰብስቦ ጸለየ፤ እሳቱም ሳይደርስባቸው ቆመ። አይስላንዶች ያን ዕለት እስከ ዛሬ «የእሳት ቅዳሴ» ብለው ያስታውሱታል። ምህላ የሚያውቅ አንባቢ ታሪኩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ይኸው ቄስ በኋላ ለተጎጂዎች እንዲያደርስ ታሽጎ የተሰጠውን የእርዳታ ገንዘብ በመንገድ ላይ ከፍቶ ለችግረኞች በማከፋፈሉ በባለሥልጣናት ተወቅሷል።

የላኪ እሳት በአይስላንድ አላበቃም። ወደ ሰማይ የወጣው የድኝ ጋዝ ሰሜኑን የምድር ክፍል አቀዘቀዘ። የአፍሪካንና የእስያን የክረምት ዝናብ የሚጎትተው የየብስና የባሕር የሙቀት ልዩነት ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሲቀንስ ዝናቡ ደከመ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ጥናት በ1783 እና በ1784 የናይል ውኃ መጉደሉን ከዚህ ፍንዳታ ጋር አያይዞታል። ያኔ ግብጽ ውስጥ የነበረው ፈረንሳዊ መንገደኛ ቮልኔይ የተከተለውን ረሃብ መዝግቧል። የናይል ጎርፍ ደግሞ ከአብዛኛው ምንጩ ሲታይ የኢትዮጵያ ክረምት ነው። ስለዚህ ዓባይ በጎደለበት በዚያ ዘመን ወደ ሰማይ አንጋጦ ዝናብ የጠበቀ የደጋ ገበሬ፣ ስሟን ሰምቶ በማያውቃት ደሴት እሳት ታይቶ ነበር። ዛሬ የእሱ ልጅ ልጆች ያንኑ መሬት ለመጎብኘት ከዴንቨር ይሳፈራሉ።

አይስላንድ ከዚያ ዘመን ወዲህ እሳቷን አላጠፋችም። የተለወጠው ከእሳቱ በታች ያለው ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1973 በሄይማይ ደሴት መሬቱ በሌሊት ሲፈነዳ አምስት ሺህ የሚያህለው ነዋሪ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ወጣ። ከዚያ በኋላ በ1975 አገሪቱ ለተፈጥሮ አደጋ የሚውል የግዴታ መድን አቋቋመች። ኅዳር 10 ቀን 2023 ግሪንዳቪክ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሥር ቅልጥ አለት መንቀሳቀሱ ሲታወቅ፣ 3,800 የሚሆኑት ነዋሪዎች በዚያው ሌሊት ወጡ። በተከታዩ ጥር ላቫ ከተማዋ ጫፍ ደርሶ ቤቶች አቃጠለ፤ መንግሥትም የነዋሪዎቹን መኖሪያ ቤቶች ለመግዛት ሕግ አወጣ። ሰዎቹ ከተማቸውን አጥተዋል፤ ኀዘናቸውን ማንም ካሳ አይሽረውም። ነገር ግን ሜዳ ላይ አልተጣሉም። ከዚያች ከተማ አቅራቢያ የቆመ መንገደኛ እሳቱን ሲያይ ደስ ሊለው የቻለው እሳቱ ለስላሳ ሆኖ አይደለም። ከእሳቱ ሥር የነበረው ሰው አስቀድሞ ስለተነሣለት ነው። ካንት «ከአደጋ ውጭ መሆን» ብሎ ስለ ተመልካቹ ብቻ የጻፈው ቅድመ ሁኔታ በእርግጥ ሁለት ሰው ይጠይቃል። ተመልካቹ ከአደጋ ውጭ ሲሆን ገበሬው ግን ውስጥ ከቀረ፣ ደስታው የተጓደለ ነው።

በዚህ ሚዛን አፋርን ማየት ይገባል። አይስላንድና አፋር በመልክ የማይመሳሰሉ መንትያዎች ናቸው። በሌላው ዓለም ከውቅያኖስ ወለል በታች የሚካሄደው የመሬት ቅርፊት መለያየት በየብስ ላይ ጎልቶ የሚታየው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር በቀናት ውስጥ ተከፍቶ መሬቱ እስከ ስምንት ሜትር ሲለያይ፣ የዓለም ሳይንቲስቶች ያነጻጸሩት ከአይስላንድ ጋር ነበር። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ብዙዎቹ የገቡት ድንኳን ውስጥ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታሌ በስተ ደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ተራራ ነው። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን አልፎ ሰሜን ሕንድ ደረሰ። የሕንድ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። ቪዲዮው በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ፤ በኦሮራም ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ። በእርግጥም የሚያስደንቅ ነበር፤ ከበረሃው ላይ የሚነሣ ግዙፍ የአመድ ዓምድ። አብራሪዎች አመዱ የት እንደደረሰ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እየተከታተለ ይደርሳቸው ነበር። አፍዴራ ግን በአመድ ተሸፍና ነበር። አፍዴራ ማለት የኢትዮጵያ ገበታ ጨው ትልቅ ድርሻ የሚመጣባት ቦታ ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ ወጥ የቀመሰ ሰው ሁሉ፣ ስሟን ባያውቅም፣ ምናልባት ቀምሷታል።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «ታዲያ አለመደሰት ይሻላል» የሚል ሊሆን ይችላል። የቡናው ላይ ወቃሽም የሚፈልገው ይህን ይመስላል። ግን አለመደሰት ለማን ይጠቅማል? ለሦስት ዓመት በኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ እየሠራች ገንዘብ ያጠራቀመች ሴት ዕረፍቷን ብትሰርዝ የአንድም አርብቶ አደር ግመል ሣር አያገኝም። ኀዘንን በግዴታ መልበስ የሐዘንተኛውን ቤት አይሠራም። ደግሞም ኢትዮጵያውያን ከእሳተ ገሞራ ጋር የኖሩት በፍርሃት ብቻ አይደለም። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ምእመናን የሚወጡበት የዝቋላ ገዳም ያለው በጠፋ እሳተ ገሞራ አናት ላይ ነው፤ ሐይቁም የቀድሞው የእሳት አፍ ነው። ኢሬቻ የሚከበርበት የቢሾፍቱው ሆራም እንደዚያው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እሳት የሠራውን መሬት ማድነቅ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም።

በእነዚህ ቦታዎች ግን የሚመጣው ሰው እንደ ተመልካች አይመጣም። ዝቋላ የወጣ ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ ለገዳሙ የሚሰጠውን ይዞ ይሄዳል። በድሮው መንገድ የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ሲቆም ማደሪያ ያገኝ ነበር፤ በምላሹም ስለመጣበት አገር ይጠየቃል። ዝናቡ እንዴት ነው? እህሉስ? ከብቱስ? ተመልካች ክፍያውን ከፍሎ ይሄዳል። እንግዳ ግን ወሬ ተቀብሎ ወሬ ያደርሳል። በእንግዳ ዘንድ ወቅት የሚታይ ቀለም ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው ሰው በሕይወት የሚቆይበት ወይም የሚቸገርበት ነገር ነው።

አፋሮች ይህን ግዴታ ሥርዓት አድርገው አቆይተውታል፤ ስሙ ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ በጥድፊያ አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ሰላም ነው ወይ፣ በሽታ ገብቷል ወይ፣ እንግዳ ሰው ታይቷል ወይ። ዜናው እንዳዩት መሆን አለበት፤ በሰሙትና ባዩት መካከል ያለውም ልዩነት ይነገራል። ዳጉ መከልከልም ሆነ ማዛባት በባሕሉ ያስወቅሳል፣ ያስቀጣልም። በበረሃ የሌላው ሰው ሕይወት በመንገደኛው ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ማየት ብቻውን ዕዳ ያስከትላል።

የአይስላንድ ተጓዥ ያለበት ዕዳ ይህ ነው። ከደሴቲቱ ሲመለስ የእሳቱን ፎቶ ማሳየቱ ጥፋት የለበትም። ዳጉ ግን ይጠበቅበታል። ያን የመሰለ እሳት ባለበት አገር ሰዉ እንዴት ይኖራል? ማን አስቀድሞ ያስጠነቅቀዋል? ቤቱ ሲቃጠል ማን ይከፍለዋል? መንገዱ ሲዘጋ ልጁ የት ይማራል? እነዚህን ጠይቆ የመጣ ሰው ከዕረፍቱ ይዞ የሚመለሰው ከትዝታ በላይ የሆነ ነገር ነው። ከ240 ዓመት በፊት አንድ አምስተኛ ሕዝቧን የቀበረች ድሃ ደሴት ሰዎቿን ከእሳት ሥር ማውጣት እንደቻለች አይቶ ይመሰክራል። ያንን ምስክርነት ከአፋር ሁኔታ ጎን ያስቀመጠ ሰው አፋርን «የተፈጥሮ ነገር ነው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ከዚያ ወዲያ የመሬት ጥናት የሚያካሂዱትን ዩኒቨርሲቲዎች መርዳት፣ ለተፈናቃይ መዋጮ ሲጠየቅ እጅን መዘርጋት፣ ባለሥልጣንን መጠየቅ፣ ወይም ቢያንስ ቪዲዮ ሲያስተላልፉ የቦታውንና የሰዎቹን ስም አብሮ ማስተላለፍ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ የሚያደርገው ነው። ወቃሹም በበኩሉ ከዚህ ነፃ አይደለም። እሱ አይስላንድ ባይሄድም የሃይሊ ጉቢን ቪዲዮ አይቷል። ያየ ሁሉ ደግሞ ባለዳጉ ነው።

ሃይሊ ጉቢ በፈነዳ ሰሞን አንድ የአካባቢው አስተዳዳሪ ለጋዜጠኞች የሰጡት ቃል ከቪዲዮው ጋር ብዙ ርቀት አልተጓዘም። ይዘቱ አጭር ነበር፤ የሞተ ሰው የለም፤ ብዙ መንደሮች ግን አመድ ለብሰዋል፤ ከብቱ የሚበላው አጥቷል።